ከአንድ ምት አቅጣጫን መለየት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በጣና ዳርቻ 4 በ 4 የሆነ የአንቴና ድርድር አቁመን ከጀልባ የሚላክ ሲግናልን አቅጣጫ ስንለካ፣ የአግድሙ ማዕዘን ትክክል ሆኖ ሳለ የከፍታው ለምን ይዋልላል?

መልስ፦ በሞኖፐልስ ዘዴ፣ ማለትም አቅጣጫን ከአንድ ምት (ከአንድ አጭር የሲግናል ብልጭታ) በሚለይ ስልት፣ ድርድሩ በአራት ሩብ ተከፍሎ የሁሉም ድምር፣ የግራና የቀኝ ልዩነት፣ የላይና የታች ልዩነት ይወሰዳል። ልዩነቱ ለድምሩ ሲካፈል የሲግናሉ ጥንካሬ ከስሌቱ ስለሚወጣ፣ ጀልባው ቢርቅም ቢቀርብም ማዕዘኑ ከአንድ ምት ብቻ ይገኛል፤ የዘዴው ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የእርስዎ ችግር ከውሃው ይመስለኛል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንደ መስታወት የሚተኛው የሐይቁ ገጽ ሁለተኛ ሞገድ ከታች ያንጸባርቃል፤ እርሱም ከቀጥተኛው ጋር በአንድ ጨረር (ድርድሩ ሲግናል በሚቀበልበት የአቅጣጫ ስፋት) ውስጥ ገብቶ የላይና የታቹን ልዩነት ያዛባል። በአግድም ሁለቱም ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጡ ስህተቱ አይጎላም። በአንቴናዎቹ መካከል የግማሽ ሞገድ ርዝመት ርቀት ጠብቀው ረድፎችን በቁመት ቢጨምሩ ጨረሩ ይጠብባል፣ መዋለሉም ይቀንሳል።