ቢጫው የፍሬን መብራት አልጠፋ ብሎሽ ሽቦውን እንቁረጠው ለተባልሽው እህት

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም ቁርጥ የኔን ታሪክ ነው የጻፍሽው። ፎልክስዋገን ቲጓንሽ ላይ ክብ ሆኖ ግራና ቀኙ ሰረዝ ሰረዝ ያለው ቢጫ መብራት በራ፣ የፊት ፍሬን ሸራ አስቀየርሽ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፣ መካኒኩ ደግሞ "ሽቦውን ቆርጠን እናገናኘዋለን ይጠፋል" አለሽ፣ ላስደርገው ወይ ነው ያልሽው። አታስደርጊው። በፍጹም እንዳታስደርጊው። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ጊዜ ሲኖርሽ ተረጋግተሽ አንብቢው።

እኔ ጎልፍ ነበረኝ፣ እሱም ፎልክስዋገን ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ሲነዳ ቆይቶ የመጣ። ያው መብራት በራብኝና ሰፈራችን ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ጎማውን ሳያወልቅ በቸርኬው ክፍተት በስልኩ መብራት አየና "ሸራህ ገና ነው፣ ከግማሽ በላይ አለው፣ ሰንሰሩ ነው የተበላሸው" አለኝ። እኔም ወጪ የለውም ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ ማን ይጠላል። ሽቦውን ቆረጠው፣ ሁለቱን ጫፍ ጠመዘዘና በናስትሮ ጠቀለለው፣ መብራቱ ወዲያው ጠፋ። ከፍዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ከአራት ወር በኋላ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ስንሄድ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሰራውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስተሽ ጠመዝማዛውን እየተሽከረከርሽ በደብረ ሲና አድርገሽ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት ድረስ መውረድ ነው፣ ጉሙ ሲኖር ደግሞ ከፊትሽ ያለው አይሱዙ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታይሽ። ደብረ ሲና ሳንደርስ ከፊት ግራ ጎማ ብረት በብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምጽ መጣ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ግርርር ይላል፣ ፔዳሉ እግሬ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ማርሽ 2 አስገብቼ በሞተር እየያዝኩ ቀስ ብዬ ደብረ ሲና ገባሁና ቆሎ ሻጮቹ ጋ አቆምኩ። ጎማው ሲወልቅ ያየሁትን አልረሳውም። የውጪው ሸራ ልክ ልጁ እንዳለው ግማሹ አለ፣ የውስጠኛው ግን ምንም የለውም፣ ሸራው አልቆ የተለጠፈበት ብረት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እያረሰው ነበር። ምክንያቱ ካሊፐሩ፣ ማለት ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ብረት፣ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ግሪሳቸው ደርቆ ተጣብቀዋል፣ ስለዚህ ካሊፐሩ መንሸራተት ሲያቅተው ውስጡ ያለው ፒስተን የውስጠኛውን ሸራ ብቻ እየገፋ እሱን ብቻ ጨረሰው። ሰንሰሩ ደግሞ የተቀበረው የት መሰላችሁ፣ የውስጠኛው ሸራ ላይ። ማለት መብራቱ ከአራት ወር በፊት እውነቱን ነበር የነገረን፣ እኛ ነን አፉን የዘጋነው።

እቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደብረ ሲና ብርዱ ውስጥ አደርን። ዲስክ በሁለቱም በኩል፣ ሸራ፣ ፒን፣ የፒን ጎሚኒ፣ ሁሉም ተቀየረ። የወጪው ነገር ይቅር፣ ልጆቼ ከኋላ ተኝተው እንደነበር ሳስብ እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ይሄ ሰንሰር የሚባለው ነገር ረቂቅ ነገር አይደለም። ሸራው ውስጥ የተቀበረች ቀጭን ሽቦ ናት፣ ሄዳ ትመለሳለች፣ መኪናው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልክባታል። ሸራው እየሳሳ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ዲስኩ ሽቦዋን ይነካትና ይበጥሳታል፣ መስመሩ ሲቋረጥ መብራቱ ይበራል። አለቀ። አንዴ ከተበጠሰች አትጠገንም፣ አዲስ መሆን አለባት። መካኒኩ ሁለቱን ጫፍ ሲያገናኘው መኪናው መስመሩ ሙሉ ስለሚመስለው ሸራው ሁሌም አዲስ ነው ብሎ ያምናል፣ ብረት እስኪሆን ድረስ።

ታዲያ ያንቺ አዲስ ሸራ ገብቶ ለምን አልጠፋም? እኔ ዘጠና በመቶ የምገምተው የተገዛልሽ ሸራ ሽቦ የሌለው ነው። እዚህ አገር ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ሱቁ ላይ ሽቦ ያለውና የሌለው አንድ አይነት ሸራ ጎን ለጎን አለ፣ የሌለው ስለሚረክስ ወይም ያለው እነሱ ጋ ስለሌለ "ያው ነው" ብለው ይሰጡሻል። ልኩ ይገባል፣ ፍሬንም ይይዛል፣ ግን ከመኪናው የሚመጣው ሶኬት የሚሰካበት አጥቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ መስመሩ ክፍት ስለሆነ መብራቱ እንደበራ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን አስወልቂና መሪውን ወደ አንድ በኩል አስጠምዝዘሽ ካሊፐሩ አካባቢ ያለውን ትንሽ ሶኬት እይ። የኔ ጎልፍ ላይ ሰንሰር ያለው ፊት ለፊት በግራ በኩል ብቻ ነበር። ሶኬቱ ባዶውን ከተንጠለጠለ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጦ ወይም ተልጦ እንደሆነ ተከታትለሽ እይው፣ ኮብልስቶንና ጭቃ እዛ አካባቢ ምንም ነገር አይምርም፣ ሶኬቱ ውስጥም ውሃና ዝገት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ሸራ ልትገዢ ስትሄጂ ሊብሬሽ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፣ አሮጌውን ሸራም ይዘሽ ሂጂ፣ ሽቦ ያለው ነው የምፈልገው በይ። የመለዋወጫው ገበያ ሶማሌ ተራ ዛሬ ካጣሽው ሳምንት ጠብቂ እንጂ "ያው ነው" የሚለውን አትቀበዪ። ቢኤምደብሊው የያዛችሁ ደግሞ እናንተ ጋ ሰንሰሩ ከሸራው ተለይቶ ለብቻው ይሸጣል፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ነው፣ ከቀየራችሁ በኋላም ሪሴት ካልተደረገ መልእክቱ አይጠፋም። ፎልክስዋገን ላይ ግን መስመሩ ከተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ሲቀየርልሽ አጠገቡ ቁሚ፣ ሴት ናት አታውቅም ብለው እንዳያልፉሽ እነዚህን ጠይቂ። የውስጠኛውንና የውጪውን ሸራ ጎን ለጎን አድርገህ አሳየኝ በይው፣ እኩል ካላለቁ ፒኖቹ ተይዘዋል ማለት ነው፣ ሳያጸዳቸውና የፍሬን ግሪስ ሳይቀባ እንዳይገጥም፣ ያለበለዚያ አዲሱም እንደዛው ነው የሚያልቀው። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል፣ ይለካልሽ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ ካለሽም ከተላጠ በኋላ ከዛ ቁጥር በታች እንዳይወርድ። የኋላ ሸራ ከተነካ ደግሞ ይሄ ለቲጓን ዋና ነገር ነው፣ የእጅ ፍሬንሽ በቁልፍ የሚሰራ ኤሌክትሪክ ነው፣ የኋላው ፒስተን በኮምፒውተር ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው፣ በጉልበት ከተጨመቀ የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ሞተር ሊሰበር ይችላል። መሳሪያው የሌለው ጋራዥ የኋላውን እንዳይነካብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሸራ ከተቀየረ በኋላ ሞተር አስነስተሽ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪው እስኪጠጥር ድረስ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ሁለት ሶስቱ ረገጣ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ከጋራዥ ሲወጡ አጥር የገጩ ሰዎች አውቃለሁ።

ቪትዝና ኮሮላ ያላችሁ ደግሞ አስተያየት ላይ "የኔ እንዲህ አይነት መብራት የለውም" ያላችሁት ልክ ናችሁ፣ አብዛኛው ቶዮታ ላይ ሽቦ የለም። በሱ ፋንታ ሸራው ላይ የታጠፈች ትንሽ ብረት አለች፣ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች ሲጥጥጥ ትላለች፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ድምጽ ነው፣ አቧራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሌላው ቀዩ መብራት ነው፣ ቃለ አጋኖ ያለው። የእጅ ፍሬን ወርዶም ከበራ ከቢጫው የባሰ ነው፣ ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይት ጎሏል ማለት ነው። የወንድሜ ቪትዝ ላይ ዳገት ስንወጣና ስንታጠፍ ብልጭ እያለ ይጠፋ ነበር፣ ዘይት ጨመረበትና ጠፋ፣ ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ፊት ለፊት ብረት በብረት ሆነ። የፍሬን ዘይት አይተንም አይቃጠልም። ወይ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው ወይ ደግሞ ሸራው ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ ዘይቱ እሱን ተከትሎ ሄዷል። ስለዚህ ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት አራቱንም ጎማ አስወልቁ፣ ኋላ ታምቡር ከሆነም ታምቡሩ ይውለቅ። ፔዳሉ ለስልሶ ቀይ ከበራ ግን መኪናዋ ከቆመችበት አትነሳ፣ መኪና በሚጭነው ሎቤድ ትሂድ።

ዘይቱ ራሱ ውሃ ከአየር ይስባል፣ በሁለት አመት መቀየር አለበት። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፣ ውሃ የጠጣው ግን ወደ 155 ይወርዳል፣ አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ፍሬን ይዞ የወረደ ሰው ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከመጀመሪያው ማርሽ ቀንሱ፣ ኒውትራል አድርጎ ነዳጅ ቆጠብኩ የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ተዉ። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝላችሁ ሸራችሁ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን ስለማትጠቀሙበት ዲስኩ ይዝጋል ፒኑም ይጣበቃል፣ አላለቀም ብላችሁ ሳታሳዩ አትቆዩ።

እህቴ አሁን እስክታስተካክዪው ድረስ አዲስ ሸራ ስለገባልሽ ከተማ ውስጥ ቀስ ብለሽ መንዳት ትችያለሽ፣ ቀዩ ካልበራና ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ። ከከተማ ግን አትውጪ፣ የኋላው ሸራ ምን ላይ እንዳለም ስላልጻፍሽ እሱን በዚሁ አሳይ። ሶኬቱን ስታገኚው ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን፣ መካኒኩ ቀድሞ ቆርጦት ከሆነም ግድ የለም፣ ሶኬቱ ለብቻው ተፈልጎ ይቀጠላል፣ የኔንም በመጨረሻ እንደዛ ነው ያስተካከልነው።