አሮጌ የኪንግፊሸር ኪት፦ ከመገጣጠም እስከ ማስረጀት

ጥያቄውን ላላያችሁት ላሳጥረው። ወንድማችን ከአዘዞ እንደጻፈው፣ አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ አሮጌ የሞኖግራም ኩባንያ ኪት (ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ ሞዴል) ይዞለት መጥቷል። 1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) ቮውት ኪንግፊሸር፣ ውሃ ላይ የሚያርፈው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን። ዲካሉ (ተለጣፊ ምልክቶቹ) ቢጫ ሆኗል፣ የትልቁ ፍሎት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ጀልባ መሰል አካል) አንዱ ግማሽ ተጣሟል፣ ሙጫው ደርቋል። "እንዴት ልገጣጥመው? ደግሞስ አሻንጉሊት ሳይሆን ባሕር ላይ የሠራ አውሮፕላን እንዲመስል እንዴት ላስረጀው?" ነው ያለው። ከታች "አትክፈተው፣ ሳጥኑ ነው ዋጋ ያለው" ያላችሁ አላችሁ። እኔ አልስማማም። የ1960ዎቹ ኪት ነው፣ ግን ከዚያ በኋላም በድጋሚ ወጥቷል፤ እንደ ቅርስ ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ሥራው ወንድሜ። የሳጥኑን ሥዕል ብቻ አስቀምጠው፣ ያምራል።

ቀለም ከመግዛትህ በፊት ግን አውሮፕላኑ ምን ሲሠራ እንደዋለ እወቅ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ኪንግፊሸር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1938 ነው። ሁለት ሰው ይይዛል፣ ፓይለቱ ከፊት፣ የሬዲዮና የመትረየስ ሰው ከኋላ። ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ቀርፋፋ ነገር ነው። ከጦር መርከብ ላይ በካታፑልት ይወነጨፋል። ቅኝቱን ጨርሶ ባሕር ላይ ያርፋል፣ ከዚያ መርከቡ በጎኑ የሚጎትተው መረብ ላይ እየነዳ ይወጣል፣ ከፍሎቱ ሥር ያለው መንጠቆ መረቡን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ሰው ተነሥቶ የክሬኑን ማንጠልጠያ ያያይዛል፣ ተሰቅሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ አስብ። የት ይፋተጋል? ሰው የት ይረግጠዋል? ውሃ የት ይረጨዋል? እዚያ ነው የሚያረጀው፣ ሌላው ቦታ ላይ ዝም በል።

ወደ ሥራው። ክፍሎቹን ከተያያዙበት የፕላስቲክ ዘንግ ሳትቆርጥ በላርጎና ለብ ባለ ውሃ እጠባቸው። ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቁ የተቀባው ቅባት ላያቸው ላይ ይቀራል፣ ቀለም አያስይዝም። ሳፋ ውስጥ ይሁን እንጂ ቧንቧ ሥር አይሁን፤ ትንንሾቹ ተነቅለው ከሄዱ ማን ይፈልግልሃል።

የተጣመመው ፍሎት አያስጨንቅህ። ሙቅ ውሃ ነው መድኃኒቱ፣ የፈላ ግን አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቢሆንም ለዚህ ፕላስቲክ እሱም ይበዛበታል፣ ድንገት ልፍስፍስ ይልብሃል። ከእሳት ወርዶ ትንሽ የቆየ ውሃ ይበቃል። በጉጠት ይዘህ ንከረው፣ አውጥተህ በእጅህ ቀስ ብለህ አቅናው፣ እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። ካልበቃው ድገመው። በአንዴ ላቅናው ብለህ ከታገልክ አሮጌ ፕላስቲክ ነውና ቀጭ ይላል።

ለሙጫ፣ የሞዴል ሙጫ የሚያመጣልህ ሰው ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ሱፐር ግሉ በየሱቁ ሞልቷል። መስታወቱ አጠገብ ግን አይድረስ! ትነቱ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ለመስታወቱ ነጩ የእንጨት ኮላ ነው ፍቱኑ፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ቢዝረከረክም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። መስታወቱ ከተጫጫረ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያልክ ፈትገው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ከጠረጴዛህ ይራቅ፣ አሴቶን ያለበት ከሆነ ኪቱን ያቀልጠዋል። የኪንግፊሸር መስታወት ሰፊ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፤ ካርቶን ቆርጠህ ቀበቶ፣ ከተበላሸ ኢርፎን የመዳብ ሽቦ አውጥተህ ቱቦና መያዣ ብታደርግለት ይበቃል። ከዚያ በላይ አትድከም።

የዚያን ዘመን ኪት ስትሠራ ትልቁ ክርክር አካሉ ላይ ወጣ ወጣ ያሉት የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮችና የምስማር ራሶች ናቸው። አሁን የሚወጡት ኪቶች መስመራቸው ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው፣ የድሮዎቹ ግን ወደ ላይ ያበጠ። ብዙ ሰው ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ልጦ በመርፌ እንደገና ይቦረቡራል። በኔ እምነት ልፋት ነው፣ ኪቱንም ጠባዩን ያሳጣዋል። ተዋቸው። መገጣጠሚያውን ብቻ ስትፈትግ በግራና በቀኝ ስኮች ለጥፍበት፣ ወረቀቱ መስመሮቹን እንዳይበላቸው። ክፍተት ካለ የመኪና ስቱኮ ከስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ትንሽ እያደረክ ሙላው። ስቱኮው ሽታው ከባድ ነው፣ መስኮት ክፈት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፍሎቱ። ሌላው ሁሉ አምሮ ፍሎቱ ከተንጋደደ አውሮፕላኑ ሰክሮ የቆመ ነው የሚመስለው፣ ማንም ከሩቅ ያየዋል። ኪንግፊሸር መሐል ላይ አንድ ትልቅ ፍሎት፣ ክንፎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ፍሎቶች አሉት። በመጀመሪያ የትልቁን ፍሎት ሁለት ግማሾች አጣብቀህ፣ ላዩ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ እስኪጠፋ ፈትግ፣ ከላይ ሲታይ ይኼ መስመር አፍጥጦ ነው የሚታየው። ከዚያ ያለ ሙጫ ግጠመው። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ መሐሉን የሚያሳይ ቀጥ ያለ መስመር አስምርና አውሮፕላኑን በጀርባው አስተኛው፣ ክንፎቹን በሁለቱም በኩል እኩል ቁመት ባላቸው የክብሪት ሳጥኖች ደግፋቸው። የፍሎቱ አፍንጫና ጅራት ሁለቱም መስመሩ ላይ መዋል አለባቸው። ከዚያ ዓይንህን ጠረጴዛው ላይ ዝቅ አድርገህ ከፊት ለፊት እየው፣ ፍሎቱ ከጅራቱ ቀጥ ያለ ክንፍ ጋር አንድ መስመር መሆን አለበት። ልክ ሲሆን ብቻ ሙጫ። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ አልመክርም፣ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥህም። ቀስ ብሎ የሚይዝ ሙጫ ከሌለህ በአንድ እግር ጀምር፣ ይያዝ፣ ከዚያ ሌላውን። ትንንሾቹን ፍሎቶች ቀለም እስክትጨርስ አትግጠማቸው፣ በእጅህ ነው የምትሰብራቸው።

ዲካሉን በተመለከተ። ወረቀቱን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከተህ ፊቱን ወደ ውጪ አድርገህ መስኮት መስታወት ላይ በስኮች ለጥፈው። የበጋው ፀሐያችን ቢጫውን ቀስ በቀስ ያነጣዋል፣ በየቀኑ እያየህ ሲበቃው አንሣው። ከዚያ የማትፈልገውን አንዱን ምልክት ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ሞክር። ከተበጣጠሰ ሙሉውን ወረቀት ግልጽ ቫርኒሽ ረጭተህ አድርቀው፣ ቫርኒሹ አንድ ላይ ስለሚያያይዛቸው እያንዳንዱን ጠርዙን ጠግተህ ቁረጥ። የምትለጥፍበት ቀለም አንጸባራቂ ይሁን፣ ሻካራ ቀለም ላይ ከሥሩ አየር ይቀርና ብርማ ሆኖ ያጋልጥሃል።

ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ደግሞ ምልክቱና ቀለሙ ዓመታቸው አለመግጠሙ ነው። ኮከቡ መሐል ቀይ ክብ ካለው አውሮፕላንህ ከሜይ 1942 በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቀዩ ከጃፓን ምልክት ጋር እንዳይምታታ ተብሎ ወጥቷል። በኮከቡ ግራና ቀኝ ነጭ አሞሌ ካለ ከ1943 አጋማሽ ወዲህ ነው። አሞሌው ዙሪያው ቀይ ከሆነ ደግሞ የዚያች ዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ናት፣ ወዲያው በሰማያዊ ተተክቷል። ቀለሙ እስከ 1943 መጀመሪያ ከላይ ሰማያዊ ግራጫ፣ ከሥር ቀላል ግራጫ። ከዚያ በኋላ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎኑ መካከለኛ ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ። በእጅ ብሩሽ ለሚቀባ የመጀመሪያው ይቀላል፣ አንድ ድንበር ብቻ ነው ያለው።

ቀለም ከፒያሳ ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች የምታገኘው አክሪሊክ ይሠራል፣ ግን ባዶ ፕላስቲክ ላይ በጥፍር ይነሣል፣ ከሥሩ ፕራይመር (ቀለም የሚያስይዝ መነሻ ቅብ) ይፈልጋል። የመኪና ስፕሬይ ፕራይመር ከሆነ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ሞክር፣ ከራቅ ብለህ ስስ ስስ አድርገህ ንፋ፤ ወፍራም ከረጨህ ፕላስቲኩን ይበላዋል። አክሪሊኩን በውሃ አቅጥነህ ደጋግመህ ቀባ፣ በመካከሉ በደንብ ይድረቅ። የበጋው አየራችን ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳይቀር ይደርቃል፣ ብሩሹን ቶሎ ቶሎ አርጥበው። ኮምፕሬሰር ያለህ ደግሞ መብራት ሳይሄድ ፍጠን።

እንግዲህ ማስረጀቱ። ከቤትህ ውጣና አንድ ያገለገለ ባጃጅ አጠገብ ቁም። ጣራው ሸራ ነው፣ ፊቱ ቆርቆሮ። ሸራው በፀሐይ ይነጣል፣ አቧራ ይጠጣል፣ እጥፋቱ ላይ ይጠቁራል፣ ግን አይላጥም። ቆርቆሮው ግን ጫፍ ጫፉ ላይ፣ እግር የሚነካው ቦታ ላይ ይላጥና ከሥሩ ሌላ ቀለም ይወጣል። ኪንግፊሸርም እንደዚያው ነው። አካሉና የክንፉ ፊት ብረት ናቸው፣ የክንፉ የኋላ ክፍልና የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ግን ጨርቅ የለበሱ ናቸው። ጨርቁ ላይ ብርማ ጭረት ካደረክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቅብሃል። ጨርቁን በነጭ የተቀላቀለ ያንኑ ቀለም ቀጭን አድርገህ አንጣው፣ በቃ። ብረቱን ደግሞ በትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ቀለሙን ወረቀት ላይ አራግፈህ፣ ነካ ነካ አድርገው። ሁሉም ጭረት ብርማ አይሁን፣ ቀለሙ ሲላጥ መጀመሪያ የሚታየው ቢጫ አረንጓዴው የዝገት መከላከያ ነው፣ አሉሚኒየሙ የሚታየው በጣም በተፋተገው ቦታ ብቻ ነው።

ሌላው፣ ፍሎቱ ላይ ቡናማ ዝገት የምታፈሱ ሰዎች፣ እባካችሁ። አሉሚኒየም እንደዚያ አይዝግም። ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ዳር የቆሙትን የብረት ጀልባዎች ካያችሁ ዝገቱ እውነት ነው፣ ብረት ናቸውና። የኪንግፊሸር ፍሎት ግን በጨው ውሃ ሲበላ ነጣ ያለ ግራጫ ዱቄት ነው የሚያወጣው። ከጎርጎራ የምትወስደው ሌላ ነገር አለ፦ ውሃው የሚደርስበት መስመር አንድ ቀጭን ክር አይደለም፣ ተደራራቢና የተንዠረገገ ነው፣ ከታች ጨለም፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየሳሳ። ይኼን ቅዳ። አረንጓዴውን አልጌ ግን ተወው፣ መርከብ ላይ ያለ አውሮፕላን ከውሃ እየወጣ ስለሚሰቀል ብዙ አይበቅልበትም።

ዕቃው እቤትህ አለ። ነጭ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭተህ በደረቅ ብሩሽ ከውሃ መስመሩ በላይ ወደ ታች ሳበው፣ የደረቀ ጨው ይመስላል። ከሰል ፈጭተህ ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ ሳበው፣ ሲጀምር ጠቆር፣ ሲርቅ ሳሳ። ለመስመሮቹ ቡናማና ጥቁር የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነህ ቀባና በደረቅ ጨርቅ በአየር ፍሰቱ አቅጣጫ ጥረገው። ያበጠ መስመር ውስጥ ቀለም አይተኛም፣ ግን በጎንና በጎኑ ትንሽ ጥላ ይቀርለታል፣ ያ ነው የምንፈልገው። ከዚህ በፊት ግን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቅደም፣ ያለዚያ ሁሉም ቦታ ቀለሙን ይጠጣዋል። የፕሮፔለሩን ጫፎች አትርሳ፣ ሲነሣ የሚረጨው ውሃ ቀለሙን ይበላዋል።

ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን፣ ከመቀመጫዎቹ አጠገብ ያለውን ቦታ በደንብ አጎሳቁለው። ሰው የሚወጣው በዚያ ነው። በኤፕሪል 1944 ትሩክ በሚባሉት የፓሲፊክ ደሴቶች ላይ ጆን በርንስ የሚባል የኖርዝ ካሮላይና ጦር መርከብ ፓይለት የወደቁ አብራሪዎችን ከባሕር እየለቀመ ክንፉ ላይ ጭኗቸው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ይዞ መነሣት ስለማይችል ውሃው ላይ እየነዳ ታንግ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ አጠገብ አደረሳቸው። አውሮፕላኑ ግን በጣም ተጎድቶ ስለነበር ራሷ ታንግ ተኩሳ አሰጠመችው። ክንፉ ላይ ሰዎች የተቀመጡበትን ትዕይንት መሥራት ካማረህ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም፣ ደግሞ ውሃ ላይ ስለሚሆን የጋሪ ጣጣ ይቀርልሃል። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ የምታቆመው ከሆነ ግን በአንድ ፍሎት ስለማይቆም ጎማ ያለው ጋሪ በካርቶን ሥራለት።

መጨረሻ ላይ ደብዛዛ ቫርኒሽ። ክረምት ከሆነ ዝናብ እየዘነበ አትርጭ፣ እርጥበቱ ቫርኒሹን ያነጣዋል፤ ቀትር ላይ ብርት ሲል ጠብቅ። ቫርኒሹ የጠመኔውንና የከሰሉን ዱቄት ግማሹን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ወይ አብዝተህ አድርግ፣ ወይ ዱቄቱን ከቫርኒሹ በኋላ አድርገህ በእጅህ አትንካው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። የአንቴናው ሽቦ ከሁሉም ይቆይ። የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ ሻማ ላይ፣ እሳቱን ሳይነካ፣ አሙቀህ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቀህ ሳበው፣ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። በኮላ ጠብታ አያይዘው። ቢላላ ደግሞ የጠፋ የክብሪት እንጨት ገና ትኩስ እያለ ብታስጠጋለት ራሱ ይወጠራል።