የኤምቢኤ ደረጃ ሲወጣ የሚጎርፉ ጥያቄዎች

የለንደኑ ፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ትምህርት ቤቶችን ደረጃ ያወጣል። ዝርዝሩን ይዛችሁ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)፦ የሕንድ ትምህርት ቤቶች ተመራቂዎች ደመወዝ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይላል። እውነት ሕንድ ውስጥ ይህን ያህል ይከፈላል?

በእጅ የሚገባው ዶላር አይደለም። ጋዜጣው ደመወዙን የሚቀይረው በባንክ ምንዛሪ ሳይሆን በመግዛት አቅም ነው። አዲስ አበባ ፀጉርህን የምትቆረጥበትን ብር በባንክ ወደ ዶላር ቀይረው። ዋሽንግተን ላይ ፀጉር አያስቆርጥህም። እዚህ ግን ተቆርጠህ ወጥተሃል። ይህ ልዩነት ሲታሰብ በሩፒ የሚከፈል ደመወዝ ሰንጠረዡ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰው በየአገሩ እንዴት እንደሚኖር ለማወዳደር ስሌቱ ትክክል ነው። አንተ ግን የምትማረው በዶላር ተበድረህ ከሆነ ተጠንቀቅ። ብድሩ የሚከፈለው በባንክ ምንዛሪ ነው። ደመወዙ በአገሩ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠይቅና ራስህ አስላው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በኦንላይን ኤምቢኤ ልጀምር ነው። በደረጃ አንደኛ ነን ይላሉ። ያጠራቀምኩትን ልክፈል?

እህቴ፣ ቆይ። አሜሪካ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ኤምቢኤ ዩኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት በሚያወጣው ደረጃ እስከ 2018 አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ነበር። በኋላ የላከው መረጃ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ገቢ ተማሪዎቹ በሙሉ የጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤት አቅርበዋል ብሎ ነበር። ያቀረቡት ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። የወቅቱ ዲን ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። በ2022 የ14 ወር እስራትና 250,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ተማሪዎቹ ግን ያንን አንደኝነት አምነው ከፍለው ነበር። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ለአንቺ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። ዲግሪው አገር ቤት ይታወቃል ወይ? የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ገንዘቡ ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት እዚያ አስጠይቂ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የአሜሪካው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ዋርተን በ2023 ከፋይናንሺያል ታይምስ ዝርዝር ጠፋ። ወድቆ ነው?

አይደለም። ለጋዜጣው መጠይቅ በቂ ተመራቂዎች አልመለሱለትም። በ2024 ተመልሶ አንደኛ ወጣ። ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት አልሞተም፣ አልተነሳም።

ጥያቄ (አባት፣ ከሜሪላንድ)፦ የኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለምን የሉበትም?

ጋሼ፣ ለመወዳደር መጀመሪያ ኤኤሲኤስቢ ወይም ኢኩዊስ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ ዕውቅናዎች አንዱ ያስፈልጋል። ለዚያ ዓመታት የሚፈጅ ሥራና ብዙ ገንዘብ ይወጣል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዝርዝሩ ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ በሩ ለአፍሪካ ዝግ አይደለም። የኛዎቹም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ያለመኖራቸው ግን መምህሮቻችን አያስተምሩም ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ተምሬ በእርዳታ ድርጅት ነው መሥራት የምፈልገው። ደረጃውን ልከተል?

በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። በፋይናንሺያል ታይምስ ስሌት ትልቁን ነጥብ የያዙት የተመራቂው ደመወዝና የደመወዙ ጭማሪ ናቸው፤ የሚለኩትም ከምረቃ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በእርዳታ ድርጅትና በመንግሥት ሥራ ያሉት ደግሞ ከደመወዙ ስሌት ይወጣሉ። ሰንጠረዡ አንቺ ልትሆኚ የምትፈልጊውን ሰው ደመወዝ አይቆጥርም ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹን በቀጥታ ጻፊላቸው። በእርዳታ ሥራ ላይ ካሉ ተመራቂዎቻቸው ጋር ያገናኙሽ። ብድራቸውን በዚያ ደመወዝ እንዴት እንደሚከፍሉ ጠይቂያቸው። የዬል ማኔጅመንት ትምህርት ቤት ለምሳሌ ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች ለሚሠሩ ተመራቂዎቹ የትምህርት ብድራቸውን በመክፈል የሚያግዝ ፕሮግራም አለው። ሌሎቹም እንዲህ ያለ ነገር ካላቸው ጠይቂ፤ ከመልሳቸው ብዙ ታውቂያለሽ።