መሪውን ሁለታችሁም ያዙት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ባልና ሚስት ስለ አንዲት ጀልባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለየብቻ ጽፈውልናል። የአንዱ ደብዳቤ የሌላው ግማሽ ሆኖ ስላገኘነው፣ የሁለቱንም ፈቃድ ጠይቀን ጎን ለጎን አትመነዋል።

የባል ደብዳቤ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። እኔና ባለቤቴ በፋይበርግላስ በተሠራች አነስተኛ ጀልባ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ገጥመን በሐይቁ ላይ እንተዳደራለን። በሳምንቱ ቀናት ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር እንሠራለን፤ በበዓላትና በዕረፍት ቀናት ደግሞ ጎብኚዎችን እናንሸራሽራለን፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሳለሙ ወንዶችንም እናደርሳለን። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ካንዴላው በየጊዜው ይጠቁራል፤ ስድስት ሰው ከተሳፈረም አቅም ያጣል። ያየው መካኒክ ግን ምንም እንከን አላገኘበትም። ሁለተኛው፣ ከዳር ተነሥቶ ጥቂት እንደሄደ እየተንተፋተፈ ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ በነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችው በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ ተመጥጣ ተጣብቃ አገኛታለሁ። ባለፈው ወር ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሳለ መሐል ሐይቅ ላይ ጠፋብን። መልህቅ ብጥል ገመዱ አልቆ መሬት አልነካም፤ እየተንሳፈፍን ሄደን ማዶ ካለው ደንገል ውስጥ ተሰነቀርን። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ጀልባው ላይ አልወጣም ብላለች። ሞተሩን እንዴት ላስተካክል? እርሷንስ እንዴት ላሳምናት?

መ.፣ ከሐይቅ

የሚስት ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ እንደጻፈላችሁ አውቃለሁ፤ እኔ የምጽፈው እርሱ የተወውን ነው። ነፋሱ ከመነሣቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወደ ዳር ስንጠጋ «ገመዱን ይዘሽ ዝለይ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ ዘለልኩ፤ እግሬ ዳጠኝና በጀልባውና በድንጋዩ መካከል ውሃ ውስጥ ገባሁ። ዋና አልችልም። ያወጡኝ ዳር ላይ የቆሙ ልጆች ናቸው። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ለእንግዳ ነው ተብሎ ከመቀመጫው ሥር ታስረው ይቀመጣሉ። ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ በጠፋብን ቀን ያስፈራኝ ነፋሱ አይደለም፤ እርሱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ሞተሩን ሲታገል ቢወድቅ ምን እንደማደርግ ባለማወቄ ነው። ሞተር አስነሥቼ አላውቅም፤ መሪ ይዤ አላውቅም፤ ሥራዬ ሒሳብ መቀበልና ውሃ መጨለፍ ነው። እናቴ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ትለኛለች። እኔ ግን ጀልባውን ትቼ ሻይ ቤት ብከፍት እያልኩ ነው። ፈሪ ነኝ ወይስ ልክ ነኝ?

ዘ.፣ ከሐይቅ

መልስ

ወይዘሮ ዘ.፣ ልክ ነዎት። ከእርስዎ እጀምራለሁ፤ የባለቤትዎ የሞተር ጥያቄ መፍትሔው ቀላል ነውና። በጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ሆነው የሚያውቀው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ የወደቀ ወይም የታመመ ዕለት ጀልባዋ ማንም የማይነዳት ሆነች ማለት ነው። የፈሩት ይህንን ስለሆነ ፍርሃትዎ ትክክለኛ ማስተዋል ነው፤ የሚያስወግደውም ማባበል ሳይሆን መማር ነው። ስለዚህ አቶ መ.፣ ባለቤትዎን እንዴት እንደሚያሳምኗት አይጠይቁ፤ ሞተሩን፣ መሪውንና ገመዱን አስረክበዋት እርስዎ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ይህን የምለው ጭቅጭቃችሁን ለማብረድ አይደለም፤ የደኅንነታችሁ ዋናው መሠረት ይህ ስለሆነ ነው።

ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ተሳፋሪ ሳትይዙ ውጡ። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ ውሃ ላይ ጣሉና ሰው ወደቀ እንበል በሉ። አንዳችሁ ዓይናችሁን ከጀሪካኑ ሳትነቅሉ በእጃችሁ እያመለከታችሁ ሌላችሁ ትነዳላችሁ፤ ዞራችሁ በነፋሱ ፊት ለፊት፣ በዝግታ ትቀርቡታላችሁ፤ ልትደርሱበት ስትሉ ማርሹን ታወጣላችሁ፤ አጠገቡ ስትደርሱ ሞተሩን ታጠፋላችሁ። ፕሮፔለር እየዞረ ውሃ ውስጥ ወዳለ ሰው መቅረብ ፈጽሞ አይገባም። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡና እንደገና ሞክሩት፤ ወይዘሮ ዘ. ያለ ምንም ምክር ጀሪካኑን እስኪያነሡት ድረስ ይህ ልምምድ ተጠናቀቀ አይባልም። የወደቀውን ሰው ወደ ጀልባ መመለስ ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው፤ የረጠበ ልብስ የለበሰን ሰው በክንድ ብቻ ጎትቶ ማውጣት ለአንድ ሰው የማይቻል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ እርካብ እግር የሚያስገባ ቀለበት ያለው ገመድ ከጀልባዋ ጎን አስራችሁ አዘጋጁ።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ከሁሉም በላይ እንድትጠቀሙባት እለምናችኋለሁ። ይህን በመሰሉ ሞተሮች ላይ አንድ ጫፏ ከማጥፊያው ጋር የተያያዘች፣ ሌላው ጫፏ በነጂው እጅ አንጓ ላይ የምትታሰር ጠምዛዛ ገመድ አለች፤ ብዙ ጊዜ ቀለሟ ቀይ ነው። ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋዋለች፤ ጀልባዋም ሰውየውን ትታ አትሄድም፣ ዞራም አትመታውም። ነገር ግን ጫፏ ወደ ቦታዋ ካልተመለሰ ሞተሩ አይነሣም፤ ጫፏም አሁን ከወደቀው ሰው ጋር ውሃ ውስጥ ነች። ስለዚህ መለዋወጫ ጫፍ ጀልባዋ ላይ ይኑር፤ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚሰካም ወይዘሮ ዘ. በጨለማ እንኳ ይወቁት። የሁለታችሁም እውቀት ያስፈልጋል ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ወደ ዳር ሲጠጉ የደረሰውን አደጋ በተመለከተ፣ ጥፋቱ የእግርዎ መዳጥ ሳይሆን «ዝለይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ከጀልባ ወደ ዳር ይራመዱታል እንጂ አይዘሉትም። ጀልባዋ ለመራመድ እስክትበቃ ካልተጠጋች፣ ተመልሶ እንደገና መቅረብ የነጂው ኃላፊነት ነው። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራችሁ ቅረቡ፤ ነፋሱ ራሱ ያዘገያታል። ጀልባዋ ድንጋዩን እንዳትመታ ብሎ እጅ ወይም እግር በመካከል ማስገባት አጥንት ያሰብራል፤ ለዚህ በገመድ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ ይበቃል። የሞተር ድምፅ ባለበት መጮኽ ደግሞ ጠብ ያመጣል እንጂ መልእክት አያደርስም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ጥቂት የእጅ ምልክቶች ላይ ተስማሙ፤ ለመቆም፣ ለመመለስ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለመሄድ፣ ሞተር ለማጥፋት። ከመነሣታችሁ በፊትም ማን ገመዱን እንደሚይዝ፣ የት እንደምትቆሙ፣ ካልሆነ ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። ውሃ ላይ የሚነሣ አብዛኛው የባልና ሚስት ክርክር ዳር ላይ ሳይነገር የቀረ ነገር ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት ከመቀመጫ ሥር ታስሮ የማንንም ሕይወት አያድንም። ከመነሣታችሁ በፊት ይለበስ፤ ዋና የሚችለውም ይልበሰው፤ ጭንቅላቱን የተመታ ወይም በድንገተኛ ቅዝቃዜ ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ዋናው አይጠቅመውምና። ተቆልፎ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሲሳብ አገጭን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ሰፊ ነው። ልጅ ሲሳፈር ደግሞ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን የልጅ ጃኬት እንጂ የትልቅ ሰው አታልብሱት።

አሁን ወደ ሞተሩ። ተመጥጣ የምትጣበቀው የጎማ ኳስ በሽታውን ራሷ ነግራዎታለች። ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ በነዳጅ ጋኑ ውስጥ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ የአየር ማስገቢያዋ ከተዘጋች ጋኑ ይታፈንና ቤንዚኑ መምጣቱን ያቆማል። በክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ብሎን ይፍቷት፤ ምናልባት ነዳጅ እንዳይፈስ ለጭነት ተዘግታ ቀርታለች፣ አለዚያም በአቧራ ተደፍናለች። ተከፍታም ኳሷ የምትመጠጥ ከሆነ በጋኑ ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ቱቦና ማጣሪያውን ይዩ።

ጥቁር ጭሱና የአቅም ማነሱ ምክንያት የሐይቁ ከፍታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መካኒኩ እንከን ያላገኘውም ስለዚህ ይሆናል። ሐይቃችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። አምራቾች ሞተራቸውን የሚለኩት በባሕር ጠለል አጠገብ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩም የሞተሩ ጉልበት 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የእርስዎ 15 የፈረስ ጉልበት ሐይቅ ላይ 12 ግድም ይሆናል። ካርብራቶሩ ግን የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል፤ ያልተቃጠለው ትርፍ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል። መፍትሔው በካርብራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ብሎን አምራቹ ለከፍታ በሚያዘው ጠባብ መለወጥ፣ ከዚያም መጠምዘዣው፣ ማለትም በአንድ ዙር ጀልባዋን ወደፊት የሚገፋበት ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም ነው። የጠፋው ጉልበት ሁሉ ተመልሶ አይመጣም፤ ስለዚህ የሚሳፈረውን ሰው ቁጥር ይቀንሱ። ሞተርዎ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት ከሆነም ልኩን ይመርምሩ፤ በብዙዎቹ ላይ 1 ለ 50 ነው፣ ማለትም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። በግምት የተጨመረ ትርፍ ዘይትም ይኸንኑ ጭስ ያመጣል።

መልህቁ መሬት ያልነካው ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። መልህቅ ደግሞ መሬት ስለነካ ብቻ አይዝም። ገመዱ ከውሃው ጥልቀት ቢያንስ አምስት እጥፍ፣ በነፋስ ጊዜ ሰባት እጥፍ ሆኖ ጋደል ብሎ ሲስበው ነው የሚቆነጥጠው። ይህ ማለት መልህቅ የዳር መሣሪያ ነው። መሐል ላይ ሞተር ሲጠፋ ጠንካራ ባልዲ በረጅም ገመድ ከጀልባዋ ፊት አስራችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ባልዲው እየጎተተ ፊቷን ወደ ነፋሱ ያዞራታል፣ ማዕበሉም በጎኗ አይመታትም። ሁላችሁም ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መቅዘፊያዎቹን አውጡ፤ ወደ ነፋሱ ከመታገል ይልቅ ነፋሱ ወደሚወስዳችሁ ዳር በሰያፍ ቅዘፉ። ውሃ ሞልቷት ብትገለበጥ እንኳ የምትንሳፈፍ ከሆነ ጀልባዋን አትልቀቁ፤ ዳሩ ከሚታየው ይልቅ ሩቅ ነው፣ ለሚፈልጋችሁም ሰው ከጭንቅላት ይልቅ ጀልባ ይታያል። ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፊሽካም በየጃኬቱ ላይ ታስሮ ይኑር።

የጉዞ ሰዓታችሁንም ለውጡ። ነፋሱ ከቀትር በኋላ የሚነሣ ከሆነ ተሳፋሪዎችን ማለዳ አድርሳችሁ ከቀትር በፊት መልሱ። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ዳር ውጡ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም አትመለሱ። በሰፊ ውሃ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ወይዘሮ ዘ.፣ ሻይ ቤቱ መልካም ሐሳብ ነው፤ የሚከፍቱት ግን ስለወደዱት ይሁን እንጂ ከጀልባው ለመሸሽ አይሁን። ጃኬት ለብሰው፣ ውሃው እስከ ወገብ በሚደርስበት ዳር፣ የሚያምኗት ሴት አጠገብዎ ሆና መንሳፈፍን ይለማመዱ፤ ለዚህ የሚያልፍ ዕድሜ የለም። ጀሪካኑን አንሥተው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ብቻዎን ዳር ካስጠጉ በኋላ አሁንም አልፈልግም ካሉ፣ አቶ መ. ያንን ውሳኔ ያክብሩ።

ከደሴ የመጣ አጭር ጥያቄ

*በጥር ሠርጋችን ነው። ሐይቅ ሄደን ከሙሽሪት ጋር ጀልባ ላይ ፎቶ መነሣት እንፈልጋለን። ምን እንጠንቀቅ?*

እንኳን ደስ አላችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን፣ መቅዘፊያና የውሃ መጨለፊያ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ አንዱ ከጎደለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሚዜዎች ሁሉ በአንድ ጀልባ አይጫኑ፤ ፎቶ አንሺውም ለመቆም ከፈለገ ዳር ላይ ሆኖ ያንሣ። ቬሎና ካባ ውሃ ከነካቸው ይከብዳሉ፣ እግርም ያስራሉ፤ ስለዚህ በቬሎና በካባ የምትነሡትን ፎቶ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ሳለች ተነሡ። ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን ቀለል ያለ ልብስ ለውጣችሁ፣ ጃኬቱን ከላይ ደርባችሁ፣ በማለዳ ውጡ።