ልብ ወለዱ ሊያልቅ ነው፤ ከዚያስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ብዙም ሰው ስለማይመጣ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በደብተር ጀምሬ አሁን በስልኬ ነው የምጽፈው። ታሪኩ አሞራ ገደል ዓሣ እየሸጠች ልጆቿን ስለምታሳድግ ሴት ነው።

ሃያ ሁለት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ግን አልጻፍ አሉኝ። ቁጭ ባልኩ ቁጥር እጄ ወደ ምዕራፍ አንድ ይሄዳል። እሱን ስነካካ ይነጋል። ይባስ ብሎ ሌላ ታሪክ መጣብኝ፤ ስለ አንድ ባጃጅ ነጂ። ከዚህኛው የሚበልጥ ይመስለኛል። የሴትዮዋን መጨረሻም መወሰን አቅቶኛል። ትሙት ወይስ ትኑር?

ምክር ደግሞ ከየአቅጣጫው ይዘንብብኛል። ወንድሜ «በጥር እቁብሽ ይደርሳል፤ በሱ አሳትሚው» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ «በቴሌግራም በየቀኑ ልቀቂው» ትላለች። ምን ይሻለኛል?

የሌሊቷ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የባጃጁ ሰውዬ ይጠብቅ። አዲስ ታሪክ ብቅ የሚለው ሁልጊዜ አሮጌው ሊያልቅ ሲል ነው። ገና ምንም ስላልተጻፈ ምንም አልተበላሸም፤ ውበቱ እሱ ነው። ሃያኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እሱም ያታክትሻል። ያኔ ደግሞ ሦስተኛ ይመጣል። ለጊዜው አንድ ገጽ ስጪው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ከአረብ ሰፈር ይሁን ከአቶቴ፣ ባጃጁ የራሱ ይሁን የሰው ጻፊና ደብተሩን ዝጊ። የትም አይሄድም።

ምዕራፍ አንድን መነካካት ሥራ ይመስላል። ሰዓቱም ይሄዳል፣ ጣትም ይደክማል። ግን መጨረሻውን ሳታውቂ መጀመሪያውን የምታስተካክዪው በምን ለክተሽ ነው? እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ያላለቀ መጽሐፍን ማንም «አይረባም» ሊለው አይችልም። ስትጨርሺው ግን ለፍርድ ይቀርባል። ይህን ፍርሃት ከብዙ ደራሲ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ከጡረታ በፊት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ «ነገ አመጣለሁ» እያለ ወር የሚያስጠብቀን ሰው አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሥራ ስትገቢ ሃያ ሁለቱንም ምዕራፎች ለራስሽ ኢሜይል ላኪያቸው። ቴሌግራምሽ ላይም አንድ ቅጂ አስቀምጪ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ሐይቅ ውስጥም ይገባል። ከዚያ አዲስ ባዶ ገጽ ክፈቺ። አሮጌውን ፋይል እስክትጨርሺ አትክፈቺው።

ትሙት ወይስ ትኑር ላልሽው፦ በእጄ ካለፉት ልብ ወለዶች ውስጥ ስንቱን ባለታሪክ በመጨረሻው ምዕራፍ መኪና እንደገጨው ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ደራሲው መውጫ ሲጠፋው ገልባጭ ይልካል። ያንቺዋ ሐይቅ ዳር ስለምትውል ጀልባ እንዳትገለብጪባት እሰጋለሁ። ልትሞት ትችላለች፤ ሞት ክልክል አይደለም። ግን መጀመሪያ ወደ ምዕራፍ አንድ በሐሳብሽ ብቻ ተመለሺ። ሴትዮዋ ያኔ ምን ፈልጋ ነበር? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም። የራሷ ጀልባ እንዲኖራት ፈልጋ ከነበረ፣ መጨረሻው ስለ ጀልባው ነው። ታገኘዋለች፣ ወይ ታጣዋለች፣ ወይ አግኝታው ለልጇ ትምህርት ስትል ትሸጠዋለች። ከሦስቱ እኔን የሚስበኝ ሦስተኛው ነው፤ ራሷ ትወስናለቻ። ውሳኔው የሷ ካልሆነ አንባቢው ይከፋዋል። ለምን እንደከፋው ላያውቅ ይችላል፤ ግን መጽሐፉን ለጓደኛው አያውሰውም።

ይህን ካወቅሽ ሃያ አራተኛውን ቀድመሽ ጻፊ። አዎ፣ ሃያ ሦስተኛውን ዘለሽ። መድረሻው ከታወቀ የሃያ ሦስተኛው ሥራ ሴትዮዋን እዚያ ማድረስ ብቻ ይሆናል። ቋንቋው ይንተባተብ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይንጋደድ፣ ግድ የለም። ማንም አያየውም።

የመጨረሻዋን ነጥብ ካደረግሽ በኋላ ደስታ ትጠብቂ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰማው ግን ጭር ያለ ነገር ነው። ስንት ሌሊት አብራሽ ያመሸች ሴትዮ ድንገት የለችም። አትደንግጪ። እንቅልፍሽን ተኚ፤ የሌሊት ሠራተኛ ነሽና ያልተከፈለ እንቅልፍ አለብሽ። ጉዱማሌ ሄደሽ ሣሩ ላይ ተቀመጪ። ረቂቁን አንድ ሁለት ወር አትንኪው። የባጃጁን ሰውዬ የምትከፍችው ያኔ ነው። «ከጨረስኩ በኋላስ ምን?» ካልሽ መልሱ ይኸው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጀመራል። አዲሱ ሥራ ስላለሽ የቆየውን ስታርሚ እጅሽ አይሳሳም። መቁረጥ ትደፍሪያለሽ።

ስትመለሺ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ባዶ ሎቢ አለሽ፤ ስንቱ ደራሲ ያጣው ነገር ነው። ጥበቃው ቢሰማ ይስማ። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። በተለይ ንግግሮቹን። አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ሴት እንደ ዜና አንባቢ ከተናገረች ጆሮሽ ይነግርሻል።

ዓመተ ምሕረቶቹንም ፈትሺ። እዚህ ላይ አራሚነቴ አይለቀኝም። ታሪክሽ በ1998 የሚጀምር ከሆነ ማንም ሰው «የሲዳማ ክልል» ሊል አይችልም፤ ክልሉ የተመሠረተው በ2012 ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ነውና ትልቋን ልጅ በ2003 እዚያ እንዳትቀጥሪያት። በ1999 ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ሞጆ ሲደርስ የፍጥነት መንገድ አይጠብቀውም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ካለበት ደግሞ ተጠንቀቂ። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶዎች፣ ማለትም የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች፣ ኮከብ አይተው ነው የሚቆርጡት። ሴትዮዋ በየዓመቱ በአንድ ቀን ካከበረችው የሲዳማ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። ዓሣውንም «ዓሣ» ብለሽ አትለፊው። ቆሮሶ ነው አምባዛ? የምትሸጥ ሴት ለይታ ነው የምትናገረው።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች፣ ግን አራሚን የሚያሳብዱ። አንደኛ፣ አራት ነጥብ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየደረበ ይጽፈዋል። ማተሚያ ቤት ሲደርስ ግማሹ መስመር መጨረሻ ላይ ይቀርና ግማሹ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። በስልክሽ ኪቦርድ ላይ አንዱን ራሱን «።» ፈልጊው። ሁለተኛ፣ ስሞች። «ኃይሉ» ምዕራፍ ሁለት ላይ በኃ፣ ምዕራፍ አሥር ላይ በሀ ከሆነ ስትፈልጊው ግማሹ አይገኝም። የሰዎቹን ስም ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊና ለእያንዳንዱ አንድ አጻጻፍ ምረጪ።

ከዚያ ለሰው ስጪ። ለወንድምሽ አይደለም፤ እሱ አስቀድሞ ወዶታል። አንድ አሞራ ገደልን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ አንድ ሐዋሳን ረግጦ የማያውቅ፣ አንድ ደግሞ ልብ ወለድ ካገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ፈልጊ። «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። ይሉኝታ አለ፤ «አሪፍ ነው» ይሉሻል። «የት ጋ ስትደርስ አስቀምጠህ ስልክህን አነሳህ?» በዪው። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ካነሱ ችግሩ እዚያ ነው።

አሁን ወደ እቁቡ። ወንድምሽ ክፉ አላሰበም። በአገራችን ብዙ ደራሲ ከኪሱ ነው የሚያሳትመው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገና ከፋይ ነው። መጽሐፉ ተሸጠም አልተሸጠም የመክፈያው ቀን ይመጣል። በዚያ ላይ በጥር ረቂቅሽ ገና ማረፍ ያለበት ሰዓት ነው። ገንዘቡ ስለደረሰ ብቻ መጽሐፉ ደርሷል ማለት አይደለም። ከብሩ ላይ ቆንጠር አድርገሽ ለጥሩ አርታኢ ብትከፍዪ ይሻልሻል። አርታኢ ማለቴ ፊደል የሚለቅም ሰው አይደለም፤ እሱ አራሚው ነው። «ምዕራፍ ዘጠኝ አያስፈልግም» ለማለት የሚደፍር ሰው ማለቴ ነው።

ማሳተሙ ሲደርስ ከአንድ በላይ ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ሰብስቢ። ለሁሉም ተመሳሳይ ነገር ጠይቂ፦ የቅጂ ብዛት፣ የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ውፍረት፣ ቫት ይጨምር እንደሆነ። የፕሌትና የማሽን ዝግጅት ወጪው ለ500 ቅጂም ለ3000ም ያው ስለሆነ ቅጂ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። «ርካሽ ነው» ብሎ 3000 ያሳትምና ካርቶኑ አልጋ ሥር ይከርማል። ከማሳተምሽ በፊት አከፋፋይ አነጋግሪ። ስንት ይወስዳል? ከሽያጩ ስንት ይቆርጣል? መቼ ይከፍላል? የመጨረሻዋን ጥያቄ በጽሑፍ አስመልሺያት። ገጹም ብዙ ጊዜ በ16 እየተካፈለ ስለሚታጠፍ፣ 209 ገጽ ከሆነብሽ አንዷን ገጽ ቁረጫት፤ ለሷ ስትዪ ባዶ ወረቀት አትግዢ። ከፊት የሚለጠፈውን የአድናቆት አስተያየት ደግሞ ባታበዢው ደስ ይለኛል። ሦስት ዶክተር አመስግኖት ያልተነበበ መጽሐፍ ሞልቷል።

የቴሌግራሙን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልጠላውም። ሁለት ሦስት ምዕራፍ ልቀቂና ሰው ይተዋወቅሽ። በየቀኑ መልቀቅ ግን አይሆንም፤ ያላለቀ ታሪክ ላይ መቶ ሰው «አታስሞቻት!» እያለ ከጮኸ ውሳኔሽን ይወስድብሻል። ሙሉውን ከለቀቅሽው ደግሞ በሳምንቱ ፒዲኤፍ ሆኖ ይዞራል። ያን ጊዜ አከፋፋዩ ምን ብሎ ይገዛሻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልብ ወለዴን ልጨርስ ነው። ለጓደኞቼ ላስነብብ ፈልጌ እንዳይሰርቁኝ ፈራሁ። ሳላስመዘግብ ባሳይ መብቴን አጣለሁ?

ፈሪው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አታጣም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራህ የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና በወረቀትም በስልክም ከሰፈረ፣ መብቱ ካወጣኸው ጊዜ ጀምሮ ያንተ ነው። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አዋጁ በ2007 በቁጥር 872 ተሻሽሏል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አንብባቸው። ጥበቃው በሕይወት እስካለህና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የልጅ ልጆችህም ይጣሉበታል።

መመዝገብ ከፈለግህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለ። ነገር ሲመጣ ጥሩ ማስረጃ ይሆንሃል። እስከዚያው ረቂቁን በየደረጃው ለራስህ ኢሜይል እየላክህ አስቀምጥ፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል።

ሕጉ የማይጠብቅልህ ሐሳብን ነው። «አንድ ተማሪ ከጥበቃ ልጅ ጋር ፍቅር ያዘው» የሚለው የማንም ነው። አንተ የጻፍክበት መንገድ ግን ያንተ ነው። ሐሳብህን የሚሰርቅህ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ገጽ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይጠበቅበታል። ከጓደኞችህ መካከል እንዲህ ያለ ታታሪ አለ?

ረቂቁን ወስዶ ወር ሙሉ ከጠፋብህ ሰርቆህ አይመስለኝም። ሳያነበው ቀርቶ አፍሮ ነው። ሌላ አንባቢ ፈልግ።