ለጠያቂዋ እህቴ፦ አባትሽን ዋርፋሪን ከማስቆምሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ 79 ዓመታቸው ነው። የልብ ምት መዛባት አለባቸው ተብሎ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ታዘዘላቸው። ዘመድ አዝማድ ግን «ደም ያፈሳል፣ በዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ አስፕሪን ይበቃቸዋል» እያለ ግራ አጋባሽ። እኔ እናቴን ይዤ በዚሁ መንገድ ዓመታት ተመላልሻለሁ። እማዬ አሁን 81 ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው የምንኖረው። ሐኪም አይደለሁም፤ የዋርፋሪኗን ደብተር የምይዘው ግን እኔ ነኝ።

1. አስፕሪኑን እርሺው። ዋርፋሪን በዚህ ሕመም ደም ረግቶ የሚመጣውን ስትሮክ ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ይቀንሳል። አስፕሪን ቢበዛ አንድ አምስተኛ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 75 ዓመት የሞላቸውን ብቻ ወስዶ ሁለቱን አወዳድሯል። ዋርፋሪን የወሰዱት ላይ ከባድ ስትሮክና መሰል አደጋ በግማሽ ያህል አነሰ። ከባድ መድማቱ ደግሞ ከአስፕሪኑ አልበለጠም። «በዚህ ዕድሜ» የሚሉሽም ነገሩን ገልብጠውታል። ሐኪሞቹ ስጋቱን በነጥብ ነው የሚያሰሉት። ደም ግፊት አንድ፣ ስኳር አንድ፣ ቀድሞ የነበረ ስትሮክ ሁለት ነጥብ አለው። 75 ዓመት መሙላት ብቻውን ሁለት ነጥብ ነው። ወንድ ሰው ሁለት ከሞላ መድኃኒቱ ይመከርለታል። አባትሽ ሌላ ሕመም ባይኖርባቸው እንኳ በዕድሜያቸው ብቻ ሞልተውታል።

«የአይጥ መርዝ ነው» የሚልሽም አይጠፋም። አዎ፣ ጅማሬው እንደዚያ ነበር። በፈረንጆቹ ከ1954 ጀምሮ ግን የሰው መድኃኒት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና መለኪያው ላይ ነው።

2. መለኪያው አይኤንአር ይባላል፤ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለአባትሽ ዓይነት ሰው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ሲወርድ ደሙ ሊረጋ ይችላል፤ ከ3 በላይ ሲሄድ የመድማት ስጋቱ እየጨመረ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ላቦራቶሪ ያደረሰብንን ልንገርሽ። ከፍለን፣ ደም ሰጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን ያገኘነው ወረቀት ላይ የተጻፈው ደሙ የረጋበት ሰከንድ ብቻ ነው። «አይኤንአሩስ?» አልኩት መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ያው ነው፣ ዶክተሩ ያውቀዋል» አለኝ። ያው አይደለም! ሰከንዱ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ እንደሚጠቀምበት ኬሚካል ይለያያል። አይኤንአር የመጣው ይህን ልዩነት ለማስተካከል ነው። ዶክተሩም አይቶ መልሶ ላከን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ያንን ደረጃ እንደገና ስትወጣ ያየሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ብር ከመክፈልሽ በፊት «አይኤንአር ታወጣላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚያወጣ ካገኘሽ ከዚያ አትውጪ።

3. ጎመን። ይህንን ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ እሱ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። እማዬ ጿሚ ናት። ሁዳዴ ሲገባ ማዕዱ ሁሉ ጎመን ይሆንና አይኤንአሯ ይወርዳል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ይቀርና ሽቅብ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም። ጾምም ይሁን ፍስክ በየሳምንቱ ተመጣጣኝ መጠን መብላት ነው። እኛ ጾም ሲገባና ሲፈታ ተጨማሪ ልኬት እናደርጋለን። ይህንን ለሐኪሟ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡን ወዶት ተቀብሎኛል።

4. ጥርስ። ቁጥር መደርደሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሳለ እማዬን ጥርስ አመማት። ወንድሜ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰዳት። «ደም ማቅጠኛውን ያቁሙና ይምጡ» አሏት። አቆመች፣ ተነቀለላት። «መቼ ልጀምር?» ስትላቸው «ቁስሉ ሲድን» አሉ። ቀን የለም፣ የተጻፈ ነገር የለም፣ የልብ ሐኪሟ ጋ የደወለ የለም። እሷም ቁስሉ እስኪጠግግ ጠበቀች።

እኔ ስመለስ ከሰዓት በኋላ ቡና እየቀዳች ነበር። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል፣ እጇ ግን አያቆምም። ስጠራት ምላሷ ተሳሰረ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ጎረቤታችን አስፕሪን ይዛ ስትሮጥ መጣች። «እንዳትሰጫት!» አልኳት። ስትሮኩ ከረጋ ደም ይሁን ከመድማት፣ ሲቲ ስካን ሳትነሳ ማንም አያውቅም። ቀጥታ ሲቲ ወዳለው ሆስፒታል ይዘናት በረርን። አይኤንአሯ 1.1 ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ከማይወስድ ሰው አይለይም ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ንግግሯ ተመለሰ። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል።

ክሊኒኩ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «እኛ የምናክመው ጥርስ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሳቸው።

በኋላ እንደተረዳሁት ለአንድ ጥርስ ተብሎ ዋርፋሪን ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከነቀላው በፊት አይኤንአር ይለካል። በልኩ ከሆነ ይነቀልና ቦታው በጋዝ ፋሻ ተጨቁኖ፣ ካስፈለገም ተሰፍቶ ደሙ ይቆማል። የጥርስ ደም ይታያል፣ ይያዛል። ጭንቅላት ውስጥ የገባ የረጋ ደም ግን አይመለስም። ስለዚህ አባትሽን ማንም፣ ነጭ ጋውን የለበሰም ቢሆን፣ «አቁሙ» ቢላቸው ሦስት ነገር ጠይቂ። የልብ ሐኪማቸው ያውቃል ወይ? ስንት ቀን? የሚጀመረው መቼ ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ።

መርፌም ሌላው ጣጣ ነው። ወገቤን ባሉ ቁጥር ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ መቀመጫ ላይ የሚወጋ ክሊኒክ በየሰፈሩ ሞልቷል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ጡንቻው ውስጥ ደም ሊቋጥር፣ ጨጓራውንም ሊያደማ ይችላል። ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች አይኤንአርን ሽቅብ ይሰዳሉ፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ቁልቁል ያወርደዋል። እኔ በእማዬ መታወቂያ ጀርባ «ዋርፋሪን ትወስዳለች» ብዬ ለጥፌያለሁ። መድኃኒቱን ስትገዢም የፍሬውን ብዛት ሳይሆን ሚሊግራሙን እዪ፤ የተለያየ መጠን አለውና። እንዳያልቅባችሁም እሽጉ ሳያልቅ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ማዳረስ ጀምሪ።

«ቢወድቁስ?» ላልሽው፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ አንድ ስሌት መልስ አለው። የመውደቅ አደጋ ከመድኃኒቱ ጥቅም እንዲበልጥ አንድ አዛውንት በዓመት 295 ጊዜ ያህል መውደቅ አለባቸው። ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ግን ደህና ቢመስሉም ወዲያው ሆስፒታል ውሰጃቸው። ጥቁር ሰገራ፣ የቀላ ሽንት፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትም እንደዚያው ነው።

አዲሶቹን መድኃኒቶች፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባንን፣ ሐኪሙን ጠይቂው። የአይኤንአር ምልልስ የላቸውም፤ ጭንቅላት ውስጥ የማድማት ስጋታቸውም ከዋርፋሪን ያነሰ ነው። ዋጋቸው ይከብዳል። የኩላሊት ምርመራም ይፈልጋሉ። ሪቫሮክሳባን ከምግብ ጋር ካልተዋጠ በደንብ አይሰርጽም፤ አባትሽ ከጾሙ ከእራት ጋር ይዋጡት። አንድ ቀን ከተዘለሉ መከላከያው ወዲያው ይሳሳል፤ ዋርፋሪን ግን ቀናት ይቆያል። በልጅነት በያዘ የቁርጥማት ሕመም ሚትራል የሚባለው የልብ በር (ቫልቭ) ለጠበበበት ሰው ግን ዋርፋሪን ይሻላል። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ፣ አፍሪካውያን ታካሚዎችም ያሉበት ትልቅ ጥናት በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ በዋርፋሪን የሞት ቁጥሩ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እማዬም ዋርፋሪን ላይ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የአባትሽን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት አውጪና ሚትራል ቫልቩ ላይ ምን እንደተጻፈ እዪ። የኩላሊት ውጤታቸውን ጨምረሽ እዚሁ ጻፊልኝና ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ምን ምን እንደምትጠይቂ አብረን እናወጣለን። እስከዚያው የዛሬ ማታውን ክኒን እንዳያሳልፉ።