ወይራዬ በአንድ ወገን ደረቀ፤ ምን ልርጭበት?

ለገጣፎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት ጽፈውልኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢያቸው ውስጥ 12 የፈረንጅ ወይራ ተክለዋል፤ ዘይት የሚጨመቀውን ዓይነት። በመሃል በመሃሉ ቲማቲምና ድንች ያለማሉ። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ሁለቱ ወይራዎች በአንድ ወገን ብቻ መድረቅ ጀመሩ። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ይደርቃል፤ ግን ቶሎ አይረግፍም። «ውኃ የጠማው መስሎኝ በየሁለት ቀኑ አጠጣለሁ። ምን መድኃኒት ልርጭበት?» ይላሉ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ ውኃውን ያቁሙ። መድኃኒትም አይግዙ። ችግሩ የመጣው ከሥር ነው፤ ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር እዚያ አይደርስም። ብርዎን እንዲያባክኑ አልፈልግም።

እኔ የምጠረጥረው ቬርቲሲሊየም የሚባለውን ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ይኖራል። በሥር ይገባና ውኃ የሚያመላልሰውን ቱቦ ይዘጋል። በአንድ በኩል ያለው ሥር ሲያዝ፣ ከዚያ ውኃ የሚያገኘው ቅርንጫፍ ይጠማል። መሬቱ ረጥቦ ዛፉ በአንድ ጎኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ደግሞ ይህ ፈንገስ ኃይለኛ ሙቀት አይወድም፤ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል። የእኛ አየር ተመቸው ማለት ነው።

አሁን ስለት ያለው ቢላዋ ይያዙ። ከደረቀው ወገን ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ይምረጡና ቅርፊቱን በስሱ ይላጡ። ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለ ነው። የታመመው በርዝመቱ ቡናማ መስመር ይታይበታል። ቀጭኑ ጫፍ ላይ ላይታይ ስለሚችል ወደ ግንዱ ጠጋ ብለው ይሞክሩ። ምንም ካልታየም ነፃ ነው አይበሉ፤ በወይራ ላይ ቀለሙ አንዳንዴ ይደበዝዛል።

ከዚያ በትንሽ ዶማ የግንዱን አንገት ቀስ አድርገው ይግለጡ፤ ሥሩን እንዳይጎዱት። ቅርፊቱ ረጥቦ፣ ቡናማ ሆኖ፣ በጣት ሲነኩት የሚላቀቅ ከሆነ ጥፋቱ ሥርንና የግንድ አንገትን የሚያበሰብሰው የፋይቶፍቶራ ሊሆን ይችላል። እሱ ውኃ ሲተኛ ነው የሚነሳው፤ ብዙውን ጊዜም ዛፉን በሙሉ ነው የሚያገረጣው። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል እንደ ስስ ቆዳ የተነጠፈ ነጭ ነገር ካዩና የእንጉዳይ ሽታ ከሸተተዎት ደግሞ አርሚላሪያ የሚባለው ሌላ የሥር ፈንገስ ነው። እሱ መሬት ውስጥ ከቀረ የድሮ ዛፍ ጉቶና ሥር ይነሳል። ስሙን በእርግጠኝነት የሚለየው ግን ላቦራቶሪ ነው።

የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ቲማቲምና ድንቹ ላይ ነው። ቃሪያና ደበርጃንም እንደዚያው ናቸው፤ ቬርቲሲሊየምን ይመግቡታል። ፈንገሱ ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎች ሠርቶ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ለችግኝ ፕላስቲክ የሚሆን አፈር ከድሮ የድንች ማሳ አስጭኜ አመጣሁ። ችግኞቹ መጠውለግ ሲጀምሩ ነው የገባኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ አፈሩ ላይ ምን ተዘርቶበት እንደነበር ሳልጠይቅ አንድ አካፋ አላስገባም።

ስለዚህ ቲማቲምና ድንቹን ከወይራው መሃል ያውጡ። በምትኩ ገብስ ወይም ጤፍ ቢዘሩ ይሻላል። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቡናማው መስመር እስኪጠፋ ድረስ ወደ ታች ወርደው ይቁረጡ። ቅጠሉንም ለቅመው አብረው ያቃጥሉት። ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ አደራ፤ ፈንገሱ ቅጠሉ ላይም አለ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት መጋዙንና መቀሱን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይንከሩት። በኋላ በንጹሕ ውኃ ካላጠቡት ብረቱን ይበላዋል። ዶማውንም አፈሩን አራግፈው ይጠቡት። ዩሪያ ለጊዜው ይተዉት፤ ናይትሮጅን ሲበዛ በሽታው ይብሳል።

የውኃውን ነገር ለመለየት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉበት። በማግስቱ ውኃው እንደቆመ ካገኙት መሬትዎ ውኃ አያሳልፍም። መረሬ አፈር ከሆነ አይገርምም። ክረምት ሳይገባ በዛፎቹ ጎን ቦይ ያውጡለት። ማጠጣት ያለብዎት አፈሩን በጣት ወጋ አድርገው ደረቅ ሲያገኙት ብቻ ነው።

ሁለቱን ዛፎች ግን ለመንቀል አይቸኩሉ። ወይራ አዲስ እንጨት እየሠራ ከዚህ በሽታ ሲያገግም ታይቷል። አንድ ዓመት ይታገሡት። ከሞተ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ወይራ አይትከሉ። ሌላ ቦታ ሲተክሉም ዘሩን ይጠይቁ፤ ፒኩዋል የሚባለው በቬርቲሲሊየም ቶሎ ይያዛል፣ ፍራንቶዮ የተሻለ ይቋቋማል።

ቅርፊቱን ከላጡ በኋላ ፎቶ ይላኩልኝ ጋሼ። እንጨቱ አየር ሲነካው መልኩ ስለሚቀየር ወዲያው እንደተላጠ ያንሱት።